በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥሪ መካከል

በክልሉ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ከሰው ኃይል ክፍሉ በቀር የለም። ለሌላው ሁሉ እትዬ ሦስቴ ናት። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ የምክር ቤት አባል ነበር፤ እሱ በምርጫ ተሸንፎ ከወጣ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው፣ ያወጣው ስም ግን ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ እዚያው ቀረ።

ሥራዋ መጥራት ነው። ስም የምትጠራ እንዳይመስላችሁ፤ የምትጠራው ቁጥር ነው። ደንቡ አባላት በመረጣቸው ወረዳ ቁጥር እንዲጠሩ ስለሚያዝ «የተከበሩ የአንደኛው ወረዳ ተወካይ» ብላ ትጀምርና ሰማንያ አንደኛው ጋ ስትደርስ ጉሮሮዋ ይደርቃል። የተጠራው ሰው «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ይላል፣ እሷ በትልቁ መዝገብ ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የኖረችው። ድልድይ ሲፈቀድ ጠርታለች፣ ያው ድልድይ ሲከለከልም ጠርታለች። አሁን አሁንማ ቤቷ ተቀምጣ እንኳ ሰው ቶሎ ካልመለሰላት በዚያው በአዳራሹ ድምፅ ትደግመዋለች።

ደንቡ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ አባል እንደቀረ ይቆጠራል ይላል። በአንዱና በሌላው ጥሪ መካከል ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ግን አይናገርም። የጻፉት ሰዎች ረስተውት ይሁን ሰልችቷቸው እንጃ። ሥራውን ያስተማራት ጡረታ የወጣ ጸሐፊ ይህችን ክፍተት በራሱ መላ ሞልቷት ነበር። «ሁለተኛውን ከጠራሽ በኋላ መነጽርሽን አውልቂ፣ ጥረጊ፣ መልሰሽ አድርጊ። ከዚያ ሦስተኛውን ጥሪ። ሰው ነው፤ ሽንት ቤት ይሆናል፣ ልጁ ስልክ ደውሎበት ይሆናል» አላት። «እኔ እኮ መነጽር የለኝም» ብትለው «ይመጣል» አላት። እስኪመጣ ድረስ እሱ የተወላትን አሮጌ መነጽር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ስትጠርግ ስምንት ዓመት ኖረች። ከዚያ እውነትም መጣ።

አባላቱ ይህን ነገር ያውቁታል። «መነጽሯን አወለቀች!» ብሎ በረኛው ወደ መተላለፊያው ሲጮህ፣ ድምፅ መስጠት ሳይጀመር ውጭ የቀረ ሁሉ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ይሮጣል። ነባሮቹ ሮጠዋል፣ ተቃዋሚዎቹም ሮጠዋል። አሁን በአፈ ጉባኤነት ከፍ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ራሱ፣ በወጣትነቱ እጁ እስከ ክርኑ ሳሙና እንደሆነ ገብቶ «እቃወማለሁ» ብሎ ምንጣፉን አረፋ በአረፋ አድርጎት ያውቃል። እሷ ለሁሉም ጠብቃለች። የማንም አይደለችም የሚባል አንድ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ቢኖር እሷ ናት፤ ኮራችበትም አልኮራችበትም፣ ያላት ይኸው ነበር።

ምርጫው ሲመጣ እንግዲህ ለእሷ ሰባተኛዋ መሆኑ ነው። ነባሮቹ ሃያ ሁለት ዓመት ገዝተዋል፤ «አዲሶቹ» የሚባሉትም ሃያ ሁለት ዓመት ሲቃወሙ ፀጉራቸው ሸብቷል። ድምፁ ተቆጥሮ፣ ተቆጥሮ፣ አንዱ ወረዳ ለሦስተኛ ጊዜ ተቆጥሮ ሲያበቃ አዲሶቹ አርባ አንድ፣ ነባሮቹ አርባ ሆኑ። በአንድ ወንበር። በሕንፃው ውስጥ ነገሩን ከሁሉ ቀድመው ያወቁት የጽዳት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ከየቢሮው የሚወጣው የተቀዳደደ ወረቀት በአንድ ቀን እጥፍ ሆነባቸው። እትዬ ሦስቴ አልደነቃትም፣ ደስም አላላትም። ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ይወርዳል፣ ሌላ ይሰቀላል፣ ሚስማሩ ያው ነው።

ደስ እንዳይላት የሚያደርግ ነገር ቤቷ ውስጥ ነበር። አማቿ የአፈ ጉባኤው ሾፌር ነው። በምክር ቤቱ ሾፌር ከአፈ ጉባኤው ጋር ገብቶ ከአፈ ጉባኤው ጋር የሚወጣ ሰው ነው፤ ወንበሩ ሲለወጥ የመኪናው ቁልፍም እጅ ይለውጣል። ልጇ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሁለቱ ከተጋቡ ጀምሮ የሚኖሩት ከእሷ ጋር፣ በፊት ለፊቱ ክፍል ነው።

በስብሰባው ቀን ጠዋት ልጇ ሻይ እየቀዳች ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ ዛሬ ነው አይደል?»

«ዛሬ ነው።»

«አንድ ሰው ቢጎድልስ?»

«አንድ ሰው ከጎደለ አርባ ለአርባ ይሆናል። እኩል ከሆነ ‹አፈ ጉባኤው ይለወጥ› የሚለው ሐሳብ ይወድቃል፤ ሰውዬው እስከሚቀጥለው ጉባኤ ይቀመጣል። አራት ወር ነው።»

«በአራት ወር ውስጥ ደግሞ አንዱን ማስኮብለል አያቅታቸውም» አለ አማቿ። በደስታ አልነበረም የተናገረው። ጫማውን እያሰረ ነበር፤ እሱም ደክሞታል።

ልጇ ሆዷን ደግፋ ተቀመጠችና «አራት ወር ብናገኝ እንኳ እገላገላለሁ» አለች። እትዬ ሦስቴ ሻይዋን ጠጥታ ወጣች።

የሰማንያ አንደኛው ወረዳ ተወካይ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከከተማው ጫፍ፣ አውቶቡሱ አዙሮ ከሚመለስበት ሰፈር የተመረጡ አናጢ ናቸው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በከዘራ ነው የሚሄዱት። በአዳራሹ ውስጥ ያሉትን ጠረጴዛዎች በጎልማሳነታቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሲገቡ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ጠረጴዛ በጣታቸው ቋ ቋ አድርገው ያልፋሉ፣ ጤንነቱን እንደመጠየቅ። እትዬ ሦስቴን «ልጄ» ነው የሚሏት፣ እሷም ከአዳራሹ ውጭ «አባባ» ትላቸዋለች።

የዚያን ቀን ሊፍቱ አልሠራም። በኋላ ብዙ ተወራ፤ ሆን ተብሎ ነው ተባለ። ሊፍቱን ለሚያውቅ ግን ይህ ሳቅ ነው፤ ያ ሊፍት እንዲበላሽ ሰው መልፋት አያስፈልገውም፣ አሥራ አንድ ዓመት በራሱ ሲበላሽ ኖሯል። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስድሳ አራት ደረጃ።

ነባሩ አፈ ጉባኤ በሰዓቱ፣ በደቂቃው፣ ስብሰባውን ከፈተ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰዓቱ ከፍቶ አያውቅም። ድምፅ መስጠት ከተጀመረ በኋላ በአዳራሹ ያለ አባል ከወጣ ድምፁ ይሰረዛል፤ ስለዚህ ሽማግሌው አለመግባታቸውን አዲሶቹ ያስተዋሉ ጊዜ ወርዶ የሚደግፋቸው ሰው አልነበረም። የአዲሶቹ መሪ፣ በፊት ፋርማሲስት የነበረችው ሴት፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «የት ደረሱ አባባ?» ስትል እትዬ ሦስቴ ሰምታለች። መልሱን ግን ከፊቷ አነበበችው። ደረጃው ላይ ናቸው።

ጠራች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁሉም የሚጠበቅበትን አለ። ሰማንያኛው ወረዳ «እቃወማለሁ» ሲል መዝገቡ አርባ ለአርባ ሆነ።

«የተከበሩ የሰማንያ አንደኛው ወረዳ ተወካይ።»

ዝምታ።

«የተከበሩ የሰማንያ አንደኛው ወረዳ ተወካይ።»

በሩ ክፍት ነው። በዝምታው ውስጥ ከሩቅ ከዘራ ተሰማ። ቋ። ረጅም ጊዜ። ቋ። ሰማንያውም ሰው ሰምቶታል። እትዬ ሦስቴ መነጽሯን አወለቀች።

አፈ ጉባኤው ጉሮሮውን ጠረገና «ጸሐፊ፣ ይቀጥሉ» አለ።

«ሦስተኛውን ገና አልጠራሁም፣ የተከበሩ አፈ ጉባኤ።»

«ይጥሩታ።»

«እጠራለሁ።»

የሻሿን ጫፍ ይዛ የቀኙን መስታወት ጠረገች። ቀና ስትል ያለ መነጽርም ቢሆን አማቿን ለየችው፤ ሾፌሮች በሚቆሙበት በኋለኛው በር በኩል ቁልፉን እጁ ውስጥ ጨብጦ ቆሟል። ያያት ነበር። ዓይኑ አልለመናትም፣ አልተቆጣትም፤ ይኸው ነው የባሰባት። የግራውን መስታወት ጠረገች። ቋ። ቋ። መነጽሯን አደረገች፣ መዝገቡን አየች፣ አፏን ስትከፍት ሽማግሌው የበሩን ጉበን ይዘው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

«የተከበሩ የሰማንያ አንደኛው ወረዳ ተወካይ።»

«እ… እደግፋለሁ» አሉ አናጢው፤ ትንፋሽ እስኪያገኙ ቆዩና ደግሞ እንዳይሳሳት ብለው ነው መሰለኝ «እደግፋለሁ፣ ልጄ» ብለው ደገሙት።

አዳራሹ ፈነዳ። ግማሹ ተቃቀፈ፣ ግማሹ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። እትዬ ሦስቴ ምልክቷን አድርጋ መዝገቡን ዘጋች። ቀና ስትል የኋለኛው በር ጋ ማንም አልነበረም።

ቤት ስትገባ የመኪናው ቁልፍ የሚንጠለጠልበት ሚስማር ባዶ ነበር። ልጇ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«መነጽርሽ ያን ያህል ቆሽሾ ነበር?»

እትዬ ሦስቴ ሻሿን ፈታች። እውነቱን እሷም አታውቀውም። እጇ እንደ ወትሮው ነው የጠረገው? ወይስ ከዘራውን እየሰማ ዘገየ? አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ አስባዋለች፣ ሰልፍ ላይ ቆማ አስባዋለች፤ አንዳንዴ እንደ ሁልጊዜው ነው ትላለች፣ አንዳንዴ ደግሞ እንጃ ትላለች። ዘግይታ እንኳ ከሆነ ለሽማግሌው አዝና ነው እንጂ ለፓርቲው ብላ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን ይህን ለማን ትንገረው?

ነባሮቹ አቤቱታ አስገቡና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከወዲህም ከወዲያም ሦስት ሦስት ሰው። በቪዲዮ ቀረጻው ላይ ጠረጋው አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰኮንድ ፈጅቷል።

«ዘወትር ስንት ሰኮንድ ይፈጅብዎታል?» አሏት።

«ሰዓት አላይም። መስታወቱን ነው የማየው።»

የቆዩ ቀረጻዎችን አገላብጠው አዩ። አርባ ሰኮንድ የፈጀበት ቀን አለ። ሦስት ደቂቃ የፈጀበትም ቀን አለ፤ ያን ቀን ሽንት ቤት ውስጥ የሱሪው ዚፕ ተይዞበት የዘገየው የነባሮቹ ሰው ነበር፣ እሱም ከስድስቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ ሆኖ ተቀምጧል። ነገሩ በዚያው ተዳፈነ። የተዳፈነው ግን በወረቀት ነው። ነባሮቹ መተላለፊያ ላይ ሲያገኟት ጥርስ ነክሰውባት ያልፋሉ፤ አዲሶቹ ደግሞ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጓታል። የትኛው እንደሚከብድ ብትጠየቅ መታ መታው ትል ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የማንም ሳትሆን ኖራ፣ በሁለት መስታወት የአንድ ወገን ሰው ሆና አረፈችው።

አፈ ጉባኤ የሆነችው ፋርማሲስቷ በአዲሱ ቢሮዋ አስጠራቻት። ግድግዳው ላይ አዲስ ፎቶ ተሰቅሏል። ጥሩ ሴት ናት፤ ተነስታ ወንበር ሳበችላት።

«እትዬ፣ ሾፌሩ አማችዎ ነው አሉኝ። እዚሁ ይቆያል፣ ለእኔ ይነዳል። ለእኛ ያደረጉትን አንረሳም።»

«ለእናንተ ምን አደረግኩ?»

«ጠበቁን እንጂ።»

«እኔ የጠበቅኩት ሰማንያ አንድን ነው።»

«እሳቸውስ የኛ አይደሉ?» አለች ፋርማሲስቷ፣ በፈገግታ።

እትዬ ሦስቴ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ቆየች። እሺ ማለት ቀላል ነበር። እሺ ብትል ቤቷ ሰላም ያድራል፣ ልጇ ሳትሳቀቅ ትወልዳለች። ግን እሺ ያለች ቀን፣ ያ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰኮንድ ዋጋ የተከፈለበት ይሆናል።

«ጥሩ ሾፌር ነው» አለች በመጨረሻ። «ለሙያው ብለሽ ካስቀረሽው ደስ ይለኛል። ለውለታ ከሆነ ግን ውለታ አልዋልኩም፤ ይቅርብን።»

«ምን ለየው እትዬ? ያው እንጀራው እንጀራ ነው።»

«እንግዲያው ይቅርብን።»

ይህን ቤት ሄዳ ራሷ ተናገረች። ብትደብቀው ይሻል ነበር የሚል ይኖራል፤ እሷ መደበቅም አድካሚ ሆኖባት ነው። አማቿ አዳመጠና «ደግ አደረጉ፣ እማማ» አለ፤ ከልቡ ይሁን ከይሉኝታ አልተለየም። ልጇ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ያንቺ ስም እንዳይቆሽሽ የኔ ቤት ይፍረስ፣ አይደል?»

«ልጄ—»

«ቢያንስ እሱን ትጠይቂው ነበር። የሱ ሥራ ነው እኮ። ያንቺ ቁጥር አይደለም።»

እውነቷን ነበር። እትዬ ሦስቴ ያኔም ታውቀዋለች፣ አሁንም ታውቀዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ ቀነሰ። አማቿ ከአንድ ዳቦ ቤት ጋር ተስማምቶ የማከፋፈያ መኪና መንዳት ጀመረ፤ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ፀጉሩ ዱቄት ለብሶ ይገባል። ልጇ ሴት ልጅ ተገላገለች። አራስ ቤት ሆና ሁለት ነገር ትሰማለች፤ የሕፃኗን ለቅሶና የምክር ቤቱን የቀጥታ ስርጭት በሬዲዮ። እናቷን ግን በሕፃኗ በኩል ካልሆነ አታናግራትም። «አያትሽን ጨው አቀብዪኝ በያት።» «አያትሽ ትያዝሽ፣ እኔ ልታጠብ ነው።» እትዬ ሦስቴም ለሕፃኗ ትመልሳለች። «እሺ በያት።» አንድ ፍሬ ልጅ፣ አንገቷ እንኳ ሳይጠና፣ አስታራቂ ሆና ተቀመጠች።

በዚህ መካከል ነው ሰዓቱ የመጣው። አዲሶቹ ደንቡን አሻሽለው በጥሪና በጥሪ መካከል አሥር ሰኮንድ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። ከመዝገቡ ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ፣ ቀይ ቁጥር የሚያበራ ሰዓት ተሰቀለ።

«እርስዎን ለመጠበቅ ብለን ነው፣ እትዬ» አለቻት ፋርማሲስቷ። «ዳግመኛ ማንም ጣቱን እንዳይቀስርብዎ።»

እትዬ ሦስቴ አመሰገነች። ለማሻሻያው ድምፅ ሲሰጥ ራሷ ናት የጠራችው፤ ሰማንያ አንደኛው ወረዳ ጋ ስትደርስ አናጢው ፈገግ ብለው «እደግፋለሁ» አሏት። ወረቀቱን እንዳላነበቡት ከፊታቸው ያስታውቃል፤ ወገኖቻቸው «እደግፋለሁ» ሲሉ ነው ያሉት። ወይ ደግሞ አንብበውት፣ ሰዓቱ ለሌሎች ነው ብለው ይሆናል።

የውሃው ጉዳይ የቀረበው ሰዓቱ በተሰቀለ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ለከተማው ጫፍ ሰፈሮች አዲስ የውሃ መስመር ይዘርጋ የሚል ነበር፤ ከሰፈሮቹ ደግሞ የመጀመሪያው ሰማንያ አንድ ነው። አናጢው ለዚህ ሲሉ ነበር በዚህ ዕድሜያቸው የተወዳደሩት። ነባሮቹ በሙሉ ይቃወማሉ፣ አዲሶቹ በሙሉ ይደግፋሉ፤ አርባ አንድ ለአርባ ያልፋል ተብሎ ተጠብቋል።

ሊፍቱን ማንም አላሠራውም። መንግሥት ተለውጧል እንጂ ሊፍቱ ያው ነው።

እትዬ ሦስቴ ሰማንያኛውን ጠርታ ስታበቃ ያ ወንበር ባዶ ነበር። መዝገቡ አርባ ለአርባ ይላል። በሩ ክፍት ነው።

«የተከበሩ የሰማንያ አንደኛው ወረዳ ተወካይ።»

ቋ። ከታች፣ ገና ከሁለተኛው ፎቅ። ቀዩ ቁጥር ከአሥር ወደ ታች ቆጠረ፤ ዜሮ ሆነ።

«የተከበሩ የሰማንያ አንደኛው ወረዳ ተወካይ።»

ቋ። ሰውየው አልተጣደፉም። ኧረ እንዲያውም ቆም ብለው ትንፋሽ ሲሰበስቡ ሁሉ ተሰማ። የእትዬ ሦስቴ እጅ ራሱን ችሎ ወደ መነጽሯ ተነሳ። ፋርማሲስቷ ከላይ ሆና አየቻትና ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብላ ማይክሮፎኑን በእጇ ሸፈነችና በሹክሹክታ «እትዬ፣ መነጽርዎ…» አለች።

እትዬ ሦስቴ እጇን መልሳ አወረደችው። ዛሬ ብትጠርግ የእነሱ ናት፤ ያን ቀን ያልዋለችው ውለታ ዛሬ የተዋለ ይሆናል። ደግሞ አሥር ሰኮንድ ብለው ያወጁት ራሳቸው ናቸው።

«ንጹህ ነው» አለች።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ።

«የተከበሩ የሰማንያ አንደኛው ወረዳ ተወካይ።»

ቋ።

«የሉም» አለች እትዬ ሦስቴ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የጠራችበት ድምፅ ነበር፣ አልተንቀጠቀጠም። ምልክቷን አደረገች። ሐሳቡ ወደቀ። አናጢው ብቅ ሲሉ አዳራሹ ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር። የመጀመሪያውን ጠረጴዛ በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉና «አለሁ» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም።

ሁሉም ከሄደ በኋላ መዝገቡን ቆልፋ ስትወጣ፣ አናጢው ደረጃው ላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ጋ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከዘራውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል። አጠገባቸው ተቀመጠች። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል።

«ውሃው ቀረ አይደል?» አሉ።

«በሚቀጥለው ጉባኤ መልሰው ያቀርቡታል፣ አባባ።»

«አራት ወር።» ከዘራውን አገላበጡት። «ከታች ስነሳ በሰዓቱ እደርስ ነበር እኮ። ‹ምን አስቸኮለኝ፣ እሷ ትጠብቀኛለች› ብዬ ነው ቀስ ያልኩት።»

ይቅርታ ማለት ፈልጋለች፤ ግን ይቅርታ የምትለው ለየትኛው እንደሆነ አላወቀችም፤ ዛሬ ላልጠበቀችው ነው፣ ወይስ ያን ሁሉ ዓመት ጠብቃ ላስለመደችው? ክንዳቸውን ያዘችና አነሳቻቸው። የቀረውን ደረጃ አንድ በአንድ ወረዱ። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው።

በሩ ጋ የዳቦ መኪናው ቆሟል። አማቿ ከነዱቄቱ ወርዶ፣ ኮፍያውን እጁ ላይ ይዞ፣ ይጠብቃል።

«ምን ሆናችሁ? ሕፃኗ ደህና ናት?» አለች ደንግጣ።

«ደህና ናት። ልጅዎ ናት የላከችኝ።»

«ምን ብላ?»

«ሬዲዮ ትሰማ ነበር። ‹የሉም› ሲሉ ሰማችና፣ ቆይታ፣ ‹ሂድና እማዬን አምጣት፣ ዛሬ ብቻዋን እንዳትመጣ› አለችኝ።» ኮፍያውን አዟዟረው። «እማዬ ነው ያለችው፤ አያትሽ አላለችም።»

እትዬ ሦስቴ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። አማቿ ወደ አናጢው ዞሮ «አባባ፣ ያን አፈ ጉባኤው የወረዱ ቀን ደረጃው ላይ አልፌዎት ነው የወጣሁት። እጄን ልሰጥዎት ስችል» አለ።

«አይቼሃለሁ» አሉ አናጢው። ቁጣ የለበትም። «ና፣ ዛሬ ስጠኝ።»

የመኪናው ደረጃ ከፍ ያለ ነው። ሽማግሌው አንድ እግራቸውን አስቀመጡና ቆሙ፤ ዳሌያቸው እንቢ አለ። ከኋላ የታክሲ ክላክስ ጮኸ፣ ሌላም ደገመው። አማቿ ተጨንቆ ሊያነሳቸው ብብታቸውን ሲይዝ እትዬ ሦስቴ ትከሻውን ነካችው።

«ተዋቸው፣ ይውጡ። እኛ ሰዓት የለብንም።»

ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና መንገዱ ዳር ቆማ መጥረግ ጀመረች፤ የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን፣ ደግሞ እንደገና የቀኙን፣ አናጢው ወጥተው ወንበሩ ላይ ተደላድለው እስኪቀመጡ ድረስ።